ካኪ አምጡልኝ

ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ እሁድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጋሽ ሜትር ዓይናቸውን ገለጡና «ካኪ» አሉ። ሰዓቱ በትክክል የታወቀው የመድኃኒት ሰዓት ስለነበረ ነው። ታናሿ ልጃቸው ባንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ክኒን ይዛ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያየች፣ ልቀስቅሳቸው አልቀስቅሳቸው ስትል ነበር የቆመችው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወደ አፋቸው ከውሃና ከትንሽ ሾርባ በቀር የገባ ነገር የለም፤ ከአፋቸውም «ተዉኝ» ከሚለው ቃል በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልወጣም። ስለዚህ አዲስ ቃል ስትሰማ ብርጭቆው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። «ምን አሉ አባዬ?» ብላ ጎንበስ አለችላቸው። አባቷ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አርጥበው፣ ጆሮው የማይሰማ ደንበኛ እንደሚያነጋግሩ ሁሉ፣ ቃሉን ለብቻው ቆርጠው ደገሙላት። «ካኪ። ካኪ አምጡልኝ።»

በዚያ ቤት ውስጥ ይህ ቃል ሁለት ትርጉም ኖሮት አያውቅም። ጋሽ ሜትር አርባ አንድ ዓመት ካኪ የሰፉ ሰው ናቸው። የዘበኛ ካኪ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ካኪ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ካኪ፣ የተማሪ ካኪ። ምድር ቤቱ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጣቃ ጨርቅ። ፎቁ መኖሪያ ነው፤ ግን ጨርቁ ደረጃውን ተከትሎ ወደ ላይ ከወጣ ቆይቷል። የማድቤቱ መጋረጃ ካኪ ነው፣ የድስት መያዣው ካኪ ነው፤ ታናሿ በልጅነቷ ታቅፋት የነበረችው አሻንጉሊት እንኳ ካኪ ለባሽ ስለነበረች ታላቅ ወንድሟ «ዘበኛሽ ተኛች ወይ?» እያለ ያበሽቃት ነበር። የሰፈሩ ሰው ግማሹ እሳቸው በሰፉለት ካኪ ሥራ ገብቶ፣ እሳቸው በሰፉለት ካኪ ጡረታ ወጥቷል። ሜትር የሚለው ስምም ከአንገታቸው ከማይወርደው መለኪያ የመጣ ነው፤ የልጆቻቸው እናት በሕይወት ሳለች «እኔንም ያገባኝ ለክቶ ነው» ትል ነበር። ታናሿ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ስትተክል አድጋ፣ አሁን ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። አባቷ እስከ ዛሬ የሚጠሯት «ቁልፌ» ብለው ነው።

ስለዚህ ምንም አላሰበችም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወርዳ፣ ከስፌት መኪናው ጀርባ የተሰቀለውን የሥራ ኮታቸውን ይዛ ወጣች። ኪሱ ውስጥ የጠመኔ ስብርባሪ አለ፤ ኮሌታው ሥር ሦስት መርፌ ተሰክቷል። መርፌዎቹን ነቅላ ኮቱን ደረታቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ጋሽ ሜትር ኮቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካኪ» አሉ። በዚህ መሃል ሳሎን ሶፋ ላይ የሚያድረው ታላቅ ወንድሟ ፀጉሩ እንደቆመ ገባ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ የራሱ ቤት ከከተማው ማዶ ሆኖ፣ አባቱ ከታመሙ ወዲህ እዚህ ነው የሚያድረው። «ሱሪውን ይሆናላ! ኮት ብቻውን ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ሱሪ አመጣ። አይደለም። ትንሽ አሰበና «አዲስ የገባውን ጨርቅ ነው፤ አንቺ ምንም አይገባሽም» ብሎ ወረደ፤ ያልተፈታ ጣቃ እንደ ግንድ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ የደረጃውን ግድግዳ እየፋቀ፣ እያለከለከ መጥቶ አልጋው ግርጌ አሳረፈው። ጋሽ ሜትር ጣቃውን አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባትና ልጅ ድሮም ብዙ አያወሩም ነበር። ልጁ መቀስ አልይዝም ብሎ ቆጣሪ ማንበብ ከጀመረ ወዲህ ወሬያቸው ስለ ብርዱና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ ነበር። አሁን ደግሞ ጣቃው በመሃላቸው ገባ።

ይኼኔ ነው እቴቴ በሩ ላይ ብቅ ያሉት። እቴቴ የጋሽ ሜትር ታላቅ እህት ናቸው፤ ከሳምንት በፊት በትልቅ ሻንጣና ከሻንጣው በሚበልጥ ፍርሃት የመጡ። ሁሉን ነገር የሚያዩት በሞት በኩል ነው። ወንድማቸው ሲያስነጥሱ «መጣ»፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው «ሄደ» ይላሉ። አልጋው ላይ የተከመረውን ኮት፣ ሱሪና ጣቃ አንድ በአንድ አይተው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ጫኑ። «ገባኝ» አሉ በቀስታ። «እኔ ነኝ የገባኝ። የሥራ ልብሱን ነው የጠየቀው፤ በምን እንደሚሸኝ እየነገራችሁ ነው።» ወዲያው አለቀሱ። ቆጣሪ አንባቢው ጫማውን አየ። ታናሿ «ኧረ እቴቴ፣ ይሰማሉ» ብትላቸው «ይስማ እንጂ! ቃሉ እንደተጠበቀለት ይወቅ» ብለው፣ ኮቱን ከአልጋው ላይ ብድግ አድርገው ካውያ ይዘው ተቀመጡ። የአርባ ዓመት የሥራ ኮት በሕይወቱ ያን ቀን ያህል ተተኩሶ አያውቅም። ሲጨርሱ በማንጠልጠያ አድርገው፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ካለው ቁም ሳጥን በር ላይ ሰቀሉት፤ «ልቡ ይረፍ» ብለው። ጋሽ ሜትር የገዛ ኮታቸው ያለ ባለቤት ቀጥ ብሎ ሲያያቸው ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ታናሿን ያስፈራት ያ መዞር ነው። ሐኪሙ ዓርብ ዕለት በግልጽ ተናግሯል። ሳንባቸው ድኗል፤ አሁን የሚገድላቸው አለመብላቱ ነው፤ እስከ ሰኞ ጠዋት አፋቸው ምግብ መቀበል ካልጀመረ ሆስፒታል ገብተው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይመገባሉ። ወንድሟ ለሰኞ ሁለት ሰዓት መኪና ተነጋግሮ ጨርሷል። አባቷ ይህን ሲሰሙ «እናታችሁም በዚያ በር ገብታለች» ብቻ ነበር ያሉት። እናታቸው እውነትም በዚያ በር ገብታ፣ በዚያው በብርድ ወራት፣ በእግሯ አልወጣችም። ዘጠኝ ቀን ሾርባ ተቀቅሏል፣ ገንፎ ተገንፍቷል፣ እንቁላል ተመትቷል። ወተት በማር፣ ሩዝ በወተት ቀርቧል። ከጥቂት ሾርባ በቀር ሁሉም እንደሄደ ተመልሷል። የቀረው አንድ ቀን ነው፤ ያም ቀን በሱሪና በጣቃ ተጀምሯል።

«ብርቱካን ልግዛ፣ ምናልባት ጭማቂ» ብላ ሻርፗን ጠምጥማ ወጣች። እውነቱን ለመናገር የሸሸችው ኮቱን ነው። ውጭው የጆሮ ጫፍ የሚቆርጥ ብርድ ነው፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን እንደ ጭስ እያስቀደመ ይሄዳል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ እሁድ እሁድ የሚቆመው የፍራፍሬ ገበያ በዚያ ወር ቀለሙ ያንሳል። ድንች፣ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ፖም፤ ከሞቃቱ ወራት የተረፈ የደከመ ሎሚ። በመሃል የእትዬ ጣት ጠረጴዛ ብቻ ብርቱካናማ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። እትዬ ጣት የተባሉት ፍራፍሬ የሚጨምቅ ሰው ባዩ ቁጥር «ጣት! ጣት!» እያሉ ስለሚጮሁ ነው። ታናሿ ስትደርስ እየጮሁ ነበር፤ ግን የዛሬው ጩኸት የሳቸው ብቻ አልነበረም። ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ የቆዳ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ አንድ ክብ ብርቱካናማ ፍሬ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄን በሰው ፊት ትሸጫለሽ? የበሰበሰ!» ይላል። «አንተ ጨምቀህ ጨምቀህ ስታበቃ ነው የበሰበሰው? በሳል ነው ጌታዬ፣ በሳል!» ይላሉ እሳቸው። ሰውየው ፍሬውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ፣ ጓንቱን በመሀረብ ጠራርጎ ሄደ። ለፈነዳው ይቅርታም አላለ፣ ዋጋውንም አልከፈለ። የቆሙት ገዢዎችም የሰውየውን ካፖርት አይተው ከእሱ ጋር ተስማሙ፤ አንዷ «እውነቱን ነው» ብላ ያነሳችውን መለሰች። እትዬ ጣት የፈነዳውን በጨርቅ አነሱና፣ እንደሱ የለሰለሱትን ሌሎቹንም አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ ለቅመው ከታች ወዳለው ሳጥን ማውረድ ጀመሩ። ከላይ የቀረው ጠንካራውና የሚያብረቀርቀው ብቻ ነበር።

ታናሿ ብርቱካን ጠይቃ እስኪመዘንላት ስትጠብቅ ዓይኗ ለስላሳው ፍሬ የመጣበት ካርቶን ላይ ወደቀ። ፍሬውን ታውቀዋለች፤ ማለት አይታዋለች። በብርድ ወራት ይመጣል፣ ቲማቲም ይመስላል፣ አናቱ ላይ የደረቀ አራት ቅጠል እንደ ቁልፍ ተተክሎበታል። የሰፈሩ ሰው «የብርድ ቲማቲም» ይለዋል። ቤታቸው ግን ገብቶ አያውቅም፤ ለምን እንደማይገባ ጠይቃም አታውቅ። ካርቶኑ ጎን ላይ በወፍራም ጥቁር ቀለም አንድ ቃል ታትሟል። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ጣቷን እያስኬደች ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ካኪ ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ? የብርድ ቲማቲሙ?»

«ስሙ፤ ስሙ ካኪ ነው እንዴ?»

«እኔ እንጃ፤ ካርቶኑ እንዲያ ይላል። ምነው፣ ልትድሪው ነው?»

ታናሿ ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ ጋር እንባዋም። እትዬ ጣት ሚዛኑን ትተው አዩዋት። አባቷ እንደታመሙ፣ ካኪ እንዳሉ፣ ኮት ሱሪና ጣቃ እንደቀረበላቸው ባንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። እትዬ ጣት በመሃል አላቋረጧትም፤ ጣቃው ላይ ስትደርስ ብቻ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ታናሿ ወሬዋን ሳትጨርስ እጇ ከላይ ካሉት ሦስት የሚያማምሩትን መርጦ ነበር፤ ደማቅ፣ ጠንካራ፣ አንድ ጭረት የሌለባቸው። እትዬ ጣት አንድ በአንድ ከእጇ ላይ ወስደው ወደ ቦታቸው መለሱ።

«ለታመመ ሰው? ዛሬ ለሚበላው? ይሄንን ከነከሰ አፉ ተሰፍቶ ይቀራል።»

«መስፋት ሥራችን ነው» አለች ታናሿ።

«እንግዲያው መርፌ የማያስፈልገው ስፌት ነው! ነይ ወዲህ።» ወደ ጠረጴዛው ጀርባ አስገቧት። ፍሬው ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነው እንደ ፖም ጠንካራውን እንደሚበላ፣ ጫፉ እንደ ልብ የሾለው ግን እስኪለሰልስ ካልታገሡት ምላስ እንደሚይዝና አፍ እንደሚያጨማድድ፣ ዘንድሮ የመጣው ሁሉ ሹሉ መሆኑን እያሳዩ አስረዷት። «ሰዉ የሚያምረውን ገዝቶ ይሄዳል፣ ይነክሳል፣ ይሰድበኛል። የደረሰውን ሲያይ ደግሞ በሰበሰ ይላል። እኔ ከሁለቱም ስድብ ነው ያተረፍኩት።» ከዚያ የታችኛውን ሳጥን ጎተቱላት። «ምረጪ። ግን ጣት!»

ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ለዓይን አስቀያሚ ነበሩ። ቆዳቸው ሳስቷል፤ እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ አለባቸው፤ ከታች የተጨቆኑት ጎናቸው ተኝቷል። ታናሿ አመነታች። ለታመመ አባቷ ከጠረጴዛ ሥር የተለቀመ ነገር ይዛ ልትገባ ነው። በዚህ ጊዜ አባቷ መጀመሪያ ጨርቅ ሊያስገዟት የወሰዷት ቀን ትዝ አላት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ቀለሙ ወዳማረው ስትሮጥ፣ በትከሻዋ ይዘው «ቁልፌ፣ መጀመሪያ ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ከዚያ በአውራ ጣትሽ ጠይቂው» ብለዋት ነበር። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ፣ ሳትጨምቅ፣ በአውራ ጣቷ ሆድ ብቻ ዳበሰች። አንዱ ገና እምቢ ይላል። አንዱ ፈንድቷል። አንዱ እንደ ልብስ ትከሻ መሙያ ገባ ብሎ ይመለሳል፤ እሱም ቀረ። ከዚያ አንድ አገኘች፤ ገባ ብሎ የማይመለስ፣ ቆዳው ብቻ የያዘው፣ ውስጡ ከውሃ የከበደ። «ይሄ» አለች። እንደሱ ያሉ ሦስት አወጣች። ዓይኗን ስትገልጥ እትዬ ጣት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። «ሃያ ዓመት ሸጫለሁ፣ እንዲህ የሚነካ ገዢ አላየሁም» አሉ።

የአንዱ ፍሬ ዋጋ የሁለት ዳቦ ነበር፤ የላይኛውም የታችኛውም እኩል። «በሳል ከጥሬ የሚረክስበትን ገበያ አላውቅም» አሉ እትዬ ጣት፣ ሳትጠይቃቸው። ታናሿ ዝም ብላ ስትከፍል ቅር አላቸው፤ «አትከራከሪም እንዴ?» ብለው አንድ ጠንካራ መረቁላት። ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከአንድ ፖም ጋር ዘግታ ብታስቀምጠው በአምስት ስድስት ቀን እንደሚደርስ ነገሯት። ሦስቱን በፌስታል መያዝ የማይታሰብ ስለሆነ የራሳቸውን የፕላስቲክ ሳህን አዋሷት፤ «ሳህኔን ካልመለስሽ ሱቅሽ የት እንደሆነ አውቃለሁ» ብለው። ታናሿ ሳህኑን በሁለት እጇ፣ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ሕፃን እንደያዘ ሰው እየተጠነቀቀች ሄደች። ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ ረስታው ነበር።

በሩን የከፈቱላት እቴቴ ናቸው። ሳህኑን አይተው «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ፤ ሳትመልስላቸው ራሳቸው መለሱ። «የብርድ ቲማቲም! ያውም የበሰበሰ! ልጄ፣ ወንድሜ አንድ ቀን ቢቀረው እንኳ በሰላም ይቅረው እንጂ!» ታናሿ በጎናቸው አልፋ ገባች። መኝታ ክፍሉ እንዳለ ነው፤ ኮቱ ቁም ሳጥኑ ላይ ቀጥ ብሏል፤ ጣቃው ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ወንድሟ ጣቃው ላይ ተቀምጦ የአባቱን ጀርባ ያያል። «አባዬ» አለች። «አባዬ፣ ካኪ።» ጋሽ ሜትር ሌላ ልብስ የመጣባቸው መስሏቸው ትከሻቸውን ሰበሰቡ። ሳህኑን ወደ ግድግዳው በኩል አዙራ፣ ከፊታቸውና ከግድግዳው መሃል ባለው ጠባብ ቦታ አስጠጋችላቸው። ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸው ወጣች፤ አውራ ጣታቸው የአንዱን ፍሬ ጎን ነካች፤ ገባ አለ፤ አልተመለሰም። «አንቺ ነሽ የመረጥሽው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ቀና አድርጉኝ።»

ወንድሟ ከጣቃው ላይ ተነስቶ ከኋላቸው ገባና በደረቱ ደገፋቸው። ከስንት ዓመት በኋላ አባቱን ያቀፈው ያኔ ነው፤ መቅለላቸው አስደንግጦት ታናሿን በዓይኑ ፈለጋት። ብርድ ልብሱ ከትከሻቸው ሲወርድ ጋሽ ሜትር ተንቀጠቀጡና ቁም ሳጥኑን በአገጫቸው አመለከቱ። «በረደኝ፤ ያን የተሰቀለውን ሰውዬ አምጡት።» እቴቴ ተኩሰው የሰቀሉትን ኮት ራሳቸው አውርደው እጅጌውን አስገቡላቸው። ታናሿ የፍሬውን አናት በቢላዋ እንደ ክዳን ቆርጣ ከፈተችው። ውስጡ ፍም የመሰለ ማርማላታ ነው። በሻይ ማንኪያ አንድ አነሳች። አባቷ አፋቸውን ከፈቱ። ዋጡ። አፋቸውን መልሰው ከፈቱ።

«አንባቢው» አሉ ጋሽ ሜትር ከአራተኛው ማንኪያ በኋላ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ቆጣሪው ስንት ይላል?»

ወንድሟ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወደ ማንኪያው አየ። «አራት» አለ።

«በደንብ አንብብ። በኋላ ጨመርክ እንዳልባል።»

«አምስት። አሁን አምስት ሆነ።»

አሥራ ሰባት ማንኪያ ነበር። ሁለት ፍሬ ሙሉ። በየመሃሉ ያርፋሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ይናገራሉ። ሙያ የተማሩበት ቤት ግቢ ውስጥ ዛፉ እንደነበረ፣ በብርድ ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ፍሬው ብቻ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አምፖል ተንጠልጥሎ እንደሚቀር፣ ያስተማሯቸው ሰፊም ስሙን ካኪ እንዳሏቸው ነገሯቸው። «ታዲያ አንድ ቀን ሲገዙ አይተን አናውቅ?» አለች ታናሿ። «እናታችሁ ከልክላኝ ነዋ። በተጋባን በሦስተኛው ወር ይዤ ገባሁ፤ የደንበኛ ሱሪ ላይ ጠብ አለ። የዚህ ነገር ጭማቂ ጨርቅ ከነካ አይለቅም፤ ሦስት ቀን አጠበችው። ከዚያ ቤቴ ጨርቅ ነው፣ ይሄ ነገር ደጄን እንዳይረግጥ አለችኝ። እሺ አልኳት።» አንድ ማንኪያ ዋጡ። «እሺ ካልኩ አልኩ ነው።» እናትየው ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነበር። ታናሿ ለምን ዛሬ እንዳማራቸው ጠየቀች። «አማረኛ! አምሮት ደብዳቤ ጽፎ ይመጣል?» ለምን ፍሬ ነው እንዳላሉ ወንድሟ ጠየቀ። «ጉሮሮዬ ቆስሏል። ሦስቴ ተናገርኩ፣ ሦስቴ ጨርቅ አመጣችሁ። አራተኛ ብናገር የስፌት መኪናውን ልታወጡብኝ አልነበረም?»

እቴቴ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ነው የሰሙት። ደስታቸውና ሽንፈታቸው ፊታቸው ላይ ይጣላሉ። በመጨረሻ «እንኳን በላ፤ ግን ለሰው የሚያምረው እያለ የበሰበሰ መስጠት ምን ይባላል?» ብለው፣ ታናሿ «ኧረ እቴቴ ይተዉት!» ሳትላቸው፣ የምርቃቱን ጠንካራ ፍሬ አንስተው ጥርሳቸውን አሳረፉበት። መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። ከዚያ ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ፤ ከንፈራቸው እንደ ከረጢት አፍ ተሰበሰበ፤ አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ሊናገሩ ሞከሩ፤ የወጣው «ፍ» ብቻ ነበር። ጋሽ ሜትር እህታቸውን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሟ ብርድ መስሎት አጥብቆ ያዛቸው፤ ሳቅ ነበር። «ሰባ ስድስት ዓመት» አሉ ጋሽ ሜትር ትንፋሻቸውን ለቅመው፣ «ሰባ ስድስት ዓመት ይሄን ፍሬ ብትበዪው ኖሮ!» ያን ሲሉ አገጫቸው ላይ የቀረው ጠብታ ኮታቸው ላይ፣ ከግራ ኪሱ ዝቅ ብሎ ወደቀ። ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የሚስታቸውን ፎቶግራፍ አዩ። «አንድ ብቻ ነው» አሉ ለፎቶግራፉ፤ «የደንበኛም አይደለም።»

ከሰዓት በኋላ ተኙ፤ ፊታቸውን ወደ ክፍሉ አዙረው። ሦስተኛውን ማምሻውን በሉት፤ ከላዩም ግማሽ ሳህን ሩዝ በወተት ወረደ። እቴቴ ሩዙን ሲያቀርቡ አልተናገሩም፤ አፋቸው ተፈትቶ ነበር፣ ግን አልተናገሩም። ጠንካራው ፍሬ በእቴቴ ስለተነከሰ፣ ታናሿ የማድቤቱ መስኮት ላይ በወረቀት ከረጢት ውስጥ አንድ ፖም ብቻ አስቀምጣ፣ የጎደለውን ነገ ከእትዬ ጣት ለማምጣት አሰበች። ወንድሟ ጣቃውን መልሶ ወደ ሱቅ አወረደው፤ ሲያወርደው ደግሞ ግድግዳውን አልፋቀም።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ከደጅ ጥሩምባውን ነፋ። ወንድሟ ወርዶ፣ ለሹፌሩ የቤንዚኑን ሰጥቶ መለሰው፤ ሐኪሙ በስልክ «እንግዲያው በዚያው ቀጥሉ» ብሏል። ታናሿ ሳህኑን ለመመለስ ወደ ገበያው ብትሄድ እሁድ እንዳልሆነ የገባት ባዶውን ቦታ ስታይ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ሄደች፤ በሚቀጥለውም። ሳህኑ ባዶውን ሄዶ ሞልቶ እየተመለሰ ብርዱ እስኪያልቅ የማን እንደሆነ ጠፋ። እትዬ ጣትም የለሰለሱትን ከጠረጴዛ ሥር ሳይሆን ከጠረጴዛ ላይ፣ «የጋሽ ሜትር» ብለው ለብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ሌላም ሰው ስሙን ሰምቶ ይገዛቸው ጀመር።

ጋሽ ሜትር በጥር ወር በእግራቸው ወደ ሱቅ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት የብርድ ወቅት ኖሩ፤ በሦስተኛው ዓመት መስከረም ውስጥ፣ ካኪ ገና ገበያ ሳይገባ፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ሞቱ። በምን ይሸኙ ሲባል እቴቴ ናቸው ጥቁሩን ሱፍ የመረጡት፤ «ኮቱን ተዉት፣ እሱ የፍሬው ነው» ብለው። ኮቱን አሁን በብርድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የምትለብሰው ታናሿ ናት። የፍሬው ጠብታ አልለቀቀም። በመጀመሪያው ዓመት ብርቱካናማ ነበረ፤ እየቆየ እየጠቆረ ሄዶ ከጨርቁ ጋር አንድ መልክ ይዟል፤ ቦታውን የማያውቅ ሰው አያገኘውም።